ካልዳያው እምቢ ያለበት ሳምንት

እኔ ቁጡ ነኝ። ከሰው ጋር ስጣላ ቶሎ ይበርድልኛል፤ ከዕቃ ጋር ስጣላ ግን አልችልበትም። ስለዚህ ያን ሳምንት ከአንድ የናፍጣ ማሞቂያ ጋር አራት ቀን ሙሉ ተኳርፌ መክረሜ የሚያውቀኝን ሰው አይደንቀውም።

የምሠራው ሮም ዳር፣ የጋዝ ቧንቧ ባልደረሰበት ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ሥራዬ ባዳንቴ ይባላል፤ አንዲት የሰማንያ ስምንት ዓመት ሲኞራ፣ የጣሊያን እመቤት፣ ቤታቸው አብሬ እየኖርኩ እንከባከባለሁ። ቤቱን የሚያሞቀው ምድር ቤት የተተከለው ካልዳያ ነው፤ በናፍጣ ውሃ አሙቆ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ወዳሉት ብረቶች፣ ተርሞሲፎኔ ወደሚሏቸው፣ ይልካል። በጋውን ሙሉ ተኝቶ ከርሞ፣ ብርዱ ሲገባ ሮብ ዕለት ላስነሳው ብል እምቢ አለኝ።

ሐሙስ የሲኞራ ልጅ ደወለችልኝ፤ ሲኞራም አጠገቤ ሆነው ይሰማሉ። አምና ቤቱ ቀዝቅዞ እናቷን የሳንባ ምች ይዟቸው ስለነበር በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። «እሑድ ሰባት ሰዓት ለምሳ እመጣለሁ። ቤቱ ቀዝቅዞ ካገኘሁት እማማን ይዣት ነው የምሄደው፤ የአረጋውያን ማረፊያው ቦታ አለኝ ብሏል» አለች። ክፉ ሰው አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፣ ረግሜያት ይወጣልኝ ነበር።

ሲኞራ በዚያ ቤት ስድሳ ዓመት ኖረዋል። ሌላ ጊዜ ስለ ማረፊያ ቤት ሲነሳ ከዘራቸውን እየወዘወዙ «ከዚህ የምወጣው አራት ሰው ተሸክሞኝ ነው» ይላሉ። ያን ቀን ግን ስልኩን ከእጄ ተቀብለው ዘጉ፤ ካፖርታቸውን ደርበው መኝታ ክፍላቸው ገቡ። እኔ ከካምፖ፣ ከስደተኞች መጠለያው፣ ስወጣ፣ ማንም ሳያውቀኝ፣ በራቸውን ከፍተው ግቢ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ካልዳያው ፊት ለፊቱ ላይ ቀይ ቁልፍ አለው። ሲጫኑት ያጉረመርማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጭ ይልና ቀይ መብራት አብርቶ ቁጭ። አሎራ፣ እንግዲህ ብዬ፣ ደግሜ ተጫንኩት። ደግሞ ደጋግሜ። ጠዋት ጸልዬ ተጫንኩት፣ ከሰዓት ሰድቤ ተጫንኩት። ለሲኞራ ቴክኒኮ፣ ለካልዳያ ጠጋኙ፣ ስደውልለት «ማክሰኞ» አለኝ፤ የሮም ሰው ካልዳያ እንዳለው የሚያስታውሰው ሁሉም ባንድ ሳምንት ነው። ማክሰኞ ለእኔ ምን ያደርግልኛል።

ቅዳሜ በርበሬ ልገዛ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ወረድኩ። ከምገዛበት ሱቅ አንድ የኤርትራ ሽማግሌ አይጠፉም፤ በልጅነታቸው በአማርኛ የተማሩ፣ በጎልማሳነታቸው የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና የተመላለሱ፣ ሮም ከመጡ ወዲህ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ የፎቅ ቤቶችን ካልዳያ ሲጠብቁ የኖሩ። ነገሬን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። እስከዚያ እጅሽን ሰብስቢ» አሉኝ።

እሑድ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከቅዱስ እስጢፋኖስ አስቀድሰው መጡ። ግራጫ ሱፍ ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል፣ በፌስታል ካቻቪቴና ፒንሳ ይዘዋል። ምድር ቤት ወርደው ካልዳያውን ዙሪያውን አዩት፤ አጎንብሰው አሸተቱት።

«ስንት ጊዜ ተጫንሽው?»

«ሁለቴ» አልኩ።

ካጎነበሱበት ቀና ብለው አዩኝ።

«ሦስቴ ቢሆን ነው ጋሼ።»

የማቃጠያውን በር ከፍተው በባትሪ አበሩበት። «እግዚአብሔር ይወድሻል» አሉ። «እዚህ ውስጥ ናፍጣ ተጠራቅሞ ቢሆን ኖሮ እሳቱ ሲነሳ አንቺም አብረሽ ትነሺ ነበር።» አፈርኩ። አፍሬም አላውቅ፣ ያኔ ግን አፈርኩ።

የኤሌክትሪክ መስመሩን አዩ፤ ደህና ነው። ጥጉ ላይ ናፍጣው የሚቀመጥበት በርሜል ውስጥ ረጅም እንጨት ሰደው አወጡ፤ ናፍጣ ከግማሽ በላይ አለ። ከዚያ እጃቸውን ቧንቧው ላይ ጭነው፣ እንደ ዓይነ ስውር እየዳሰሱ፣ ከካልዳያው ተነስተው እስከ በርሜሉ ሄዱ። በርሜሉ አጠገብ ቆሙ።

«ይሄን ማን ዘጋው?»

ቫልቩ ነው። ቀይ እጀታው ቧንቧውን አቋርጦ ተኝቷል። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ብርዱ ያለቀ ዕለት ወርጄ ግጥም አድርጌ የዘጋሁት እኔው ራሴ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። አገር ቤት፣ በእኛ ቤት፣ የጋዝ ሲሊንደር አናቱ ሳይዘጋ ከኩሽና የሚወጣ የለም። ወጡ እንደወጣ አንዱ ይዘጋል፤ ሌላው ሄዶ መዘጋቱን ያያል፤ ያኛው በደንብ አላየም ብሎ ሦስተኛው ይነሳል። እንዲህ ተደርጎ ያደገ ሰው የተከፈተ ቫልቭ አይቶ እንዴት ያልፋል? ዘግቼ ስወጣ ደግሞ ልቤ ጥግብ ብሎ ነበር።

ሽማግሌው ነገሩ ሲገባቸው በርሜሉን ተደግፈው ሳቁ። «ባለቤቴ ነፍሷን ይማረውና፣ ስንት ዓመት ስትዘጋብኝ ኖረች» አሉ። «በይ፣ አሁን አየር ስቧል። እንደ ከባድ መኪና ነው፤ አየሩን ማስወጣት አለብን።»

ቫልቩን ከፈቱ። ከፓምፑ ላይ አንዲት ቡሎን ላላ አደረጉ፣ እኔ ከሥሯ የቲማቲም ቆርቆሮ ያዝኩ። «ተጫኚ» ሲሉኝ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ፤ በፈቃድ ስጫነው የመጀመሪያዬ ነው። አረፋ ወጣ። «ቆይ። ተጫኚ።» አረፋ። ሲኞራ ደረጃው አናት ላይ ወንበር አስመጥተው ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ያለውን ተርሞሲፎኔ በእጃቸው ይዘው በየደቂቃው «ኒየንቴ» ይሉናል፣ ምንም የለም ማለታቸው ነው። እኛ ገና አየር ላይ ነን፣ እሳቸው ሙቀት ይፈልጋሉ።

ስድስት ተኩል ሆነ። ልጅቷ ልትደርስ ግማሽ ሰዓት ቀራት። መጨረሻ ላይ ጥርት ያለ ናፍጣ ፈሰሰ፤ ቡሎኗን አጠበቁ። ካልዳያው አጉረመረመ፣ እሳቱ ቦግ አለ፣ ከዚያ ድርግም። ቀይ መብራት። ቁጭ ብዬ ላለቅስ ነበር።

«ዓይኑን ነው ያጠፋሽው» አሉ ረጋ ብለው። ካልዳያው እሳቱን የሚያይበት ትንሽ የመስታወት ዓይን አለው፤ ነበልባል ካልታየው ናፍጣውን ያቆማል። ቧንቧው ውስጥ የቀረችው ናፍጣ በእኔ መጫን ብዛት ስትጨስ ጥላሸት ለብሷል። ነቅለው አወጡት፣ ዙሪያቸውን ጨርቅ ፈለጉ፣ ከዚያ ከሱፋቸው ኪስ ለቅዳሴ የያዙትን ነጭ መሐረብ አውጥተው ጠረጉት። መሐረቡን ሳየው ምነው በሻሼ በጠረግኩት አልኩ።

በዚህኛው ተነሳ። ተነስቶም አልጠፋም። እኔ ሮጬ ወጥቼ ፓስታ ጣድኩ፣ ፎርኖውን፣ የዳቦ መጋገሪያውን፣ ከፍቼ ለኮስኩ፣ ኩሽናው እንኳን ይሙቅ ብዬ። ሲኞራ «ኳልኮዛ» አሉ፤ የሆነ ነገር አለ ማለታቸው ነው።

ልጃቸው ሰባት ሰዓት ላይ ገባች። ካፖርቷን ሳታወልቅ በቀጥታ ሄዳ ተርሞሲፎኔው ላይ መዳፏን አሳረፈች። ለብ ብሏል እንጂ አልሞቀም። እኔን አየች፣ እጃቸው እስከ ክርን የጠቆረውን ባለ ሱፍ ሽማግሌ አየች።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች።

እኔ ነኝ ልላት አፌን ስከፍት ሲኞራ ቀደሙኝ። «ቫልቩ ተዘግቶ ነው። እኔ ነኝ ዝጊው ያልኳት» አሉ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ።

ልጅቷ እጇን ተርሞሲፎኔው ላይ እንዳደረገች ቆየች። ብረቱ ውስጥ ውሃው ሲንሿሿ ይሰማል። ከዚያ «ቫ ቤኔ»፣ እሺ ይሁን፣ አለችና ካፖርቷን አውልቃ ሰቀለች። አራታችንም ፓስታ በላን፤ ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ደገሙ፣ ይገባቸዋል።

አሥር ሰዓት ላይ ልጅቷ ስትሄድ ሽማግሌውንም እስከ ሜትሮ ባቡር ጣቢያው አደርስዎታለሁ ብላ ይዛቸው ወጣች። ሲኞራ ከመኝታ ክፍላቸው ጠሩኝ። አልጋው ላይ ትልቅ ሻንጣ ተከፍቷል።

«ሐሙስ ነው ያዘጋጀሁት። አውጪልኝ፣ ወገቤን ያመኛል» አሉኝ።

ባንድ በኩል የሌሊት ልብሳቸው፣ የባለቤታቸው ፎቶ፣ መድኃኒታቸው። በሌላው በኩል የእኔ ሹራብ፣ የእኔ ነጠላ፣ የእኔ የቤት ጫማ በጋዜጣ ተጠቅልሎ።

«ሲኞራ፣ የኔን ለምን አስገቡት?»

«እዚያ ስንሄድ ምን ልትለብሺ ነበር?» አሉኝ፣ እንደ ሞኝ እያዩኝ።

እዚያ የሚቀበሉት እሳቸውን ብቻ እንደነበር አልነገርኳቸውም። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩና ፊቴን ወደዚያ አዙሬ ልብስ መስቀል ጀመርኩ።