የእድራችን ዌብሳይትና የእንዳሻው መርዶ

እንዳሻውን የማታውቁት ካላችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ መኪናውን ፓርክ የሚያደርግበት አጥቶ ሲዞር የምታዩት ባለ ሰማያዊ ኮፍያ ሰውዬ እሱ ነው። የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ከሎስ አንጀለስ ፊኒክስ አትክልት ያመላልሳል። ያን የሚያህል ተሳቢ ወደ ኋላ እየነዳ መጋዘን በር ላይ ልክክ የሚያደርግ ሰው፣ የራሱን ትንሽ ቶዮታ በሁለት መኪኖች መሀል ማስገባት አይሆንለትም። እኔ የሐበሻ ልብስ ሱቄ በር ላይ ቆሜ እስቅበታለሁ። እሱም ይስቃል። ስድሳ ሊደፍን ምንም አልቀረውም፣ ግን ሲስቅ አሁንም እንደ ልጅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

የምንተዋወቀው በእድር ነው። የእድራችን ዳኛ ጋሼ ኅሩይ ናቸው፤ ገና ድሮ ለትምህርት መጥተው፣ መሐንዲስ ሆነው፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ባልድዊን ሂልስ ላይ አበባቸውን የሚኮተኩቱ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፣ ፀሐይወርቅ። እንዳሻው ሹመት የለውም። ወንበር የሚያመላልሰው፣ ቀብር ላይ የታሸገ ውሃ ከመኪናው አውርዶ ለሰው የሚያድለው ግን እሱ ነው። ውሃውን ማንም እንዲያድልበት አይፈልግም፤ አንዴ ላግዝህ ብለው ተቆጣኝ።

ከገና በኋላ ይልቃል የሚባል አባላችን አረፈ። ኮሪያታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር፣ ሰው ቤት እየሄደ ሽማግሌ የሚጦር ዝምተኛ ሰው ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። የእድራችን ደንብ በስልክ መቀባበል ነው፤ እኔ ለጥቂት ሰው እደውላለሁ፣ እነሱ ለሌሎች ይደውላሉ። ድሮ ይሠራ ነበር። አሁን ማን ስልክ ያነሳል? ግማሹ ሥራ ላይ ነው፣ ግማሹ ቁጥሩን ካላወቀው አያነሳም፣ ወጣቶቹማ ስልክ የሚደወልበት ዕቃ መሆኑን ጭራሽ የረሱ ይመስለኛል። ወሬው መንገድ ላይ ቀረና ይልቃልን በጣት የምንቆጠር ሰዎች ቀበርነው። ሳጥኑን የሚሸከም ወንድ ጎድሎ ከመቃብር ቦታው ሠራተኞች ሁለቱ ገቡልን። እንዳሻው ያልተነካውን ውሃ ከነካርቶኑ መልሶ መኪናው ላይ ጫነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጋሼ ኅሩይ ተነስተው «ሰው የማይደርስበት እድር ኢንሹራንስ ነው። ኢንሹራንስ ደግሞ ሁላችንም አለን። ሶ፣ እንበተን ወይስ የምትሉት አለ?» አሉ።

ከወንበር ተሸካሚነቱ ወጥቶ የማያውቀው እንዳሻው ተነሳ።

«ጋሼ፣ አይበተንም። እኔ እንደ ይልቃል መቀበር አልፈልግም። እውነቴን ነው፣ እፈራለሁ። መንገድ ላይ ሁልጊዜ እሱን ነው የማስበው። ዌብሳይት እሠራለሁ። ሰው ሲያርፍ እዚያ ላይ ይወጣል፣ ሁሉም በስልኩ ያያል።»

«አንተ?» አልኩት። አፌ ነው፣ ምን ላድርገው።

«አዎ፣ እኔ፣ እትዬ ፀሐይወርቅ። ላይብረሪ የኮምፒውተር ክላስ ጀምሬያለሁ።»

ጋሼ ኅሩይ እስከ ሰኔ ስብሰባ ጊዜ ሰጡት። እስከዚያ ዌብሳይቱ ሠርቶ ሰው የሚሰበስብ መሆኑን ካላሳየ እድሩ ይዘጋል ተባለ።

ከዚያ ወዲህ እንዳሻው ሌላ ሰው ሆነ። ሚስቱ አሰገደች ሱቄ መጥታ «ላፕቶፕ አግብቶብኛል» ብላ አለቀሰችልኝ፤ ሳቋን ይዛ ነው እንጂ። እሱም የኮሚቴውን ፎቶ ላንሳ ብሎ መጣ። ሦስቴ መለስኩት፤ ከንፈሬን ሳልቀባ ማን ይነሳል? በመጨረሻ አነሳኝና ሥራውን አሳየኝ። የሐዘን ገጽ አለ፣ የደስታ ገጽ አለ፣ እኔም አለሁ፣ ከንፈሬን ተቀብቼ።

«ሶ፣ አልቋላ!» አልኩት።

«አላለቀም እትዬ። አሁን ያለው እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ከእኔ በቀር ማንም አያየውም። ሰርቨር የሚባል፣ ሌት ተቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር ተከራይተናል። እዚያ ላይ አፕሎድ ሳደርገው ነው ሰው ሁሉ የሚያየው።»

«ማለት፣ ከልብስ ሰፊዋ ቤት አምጥቶ እኔ መስኮት ላይ እንደ መስቀል ነው?»

«እንዴ! ልክ እንደዚያ!»

ደስ አለኝ። የይለፍ ቃሉን ለሦስታችን ሰጠን፤ ለጋሼ ኅሩይ፣ ለእኔ፣ አንዱ ለራሱ። እኔ እንኳን ኢሜይሌን ለመክፈት የልጅ ልጄን የምጠራ ሴት ነኝ፣ ብቻ ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አድራሻውንም ለአባላቱ ሁሉ ላከና «ከአርብ ጀምሮ እያያችሁ ጠብቁ» አለ። ስብሰባው እሑድ ነው።

አርብ ዕለት እንደ ወትሮው ወደ ፊኒክስ መሄድ ነበረበት። ተራውን ለሌላ ሾፌር ሰጥቶ ቤቱ ቀረ። ይህን ለእኛ አልነገረንም። ስልኩን ድምፁን አጥፍቶ የወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ወረወረና ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠ። የመላኪያ ፕሮግራሙ በግራ በኩል የራሱን ኮምፒውተር፣ በቀኝ በኩል ሰርቨሩን ያሳያል። ፋይሎቹን በሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ ጎተታቸው። መጀመሪያ ሰው ከማያየው ፎልደር ውስጥ ከተታቸው፤ ስህተቱን አግኝቶ ወደ ትክክለኛው አዛወራቸው። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ።

ችግሩ የሐዘን ገጹ ነው። ባዶውን ከሆነ መሥራት አለመሥራቱ አይታወቅም፣ ለሙከራ የአንድ ሰው ስምና ፎቶ ያስፈልጋል። እንግዲህ በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብሎ መጻፍ ሟርት ነው። ስም ፈጥሬ ልጻፍ ቢል፣ ምንም ስም ቢፈጥር ፌርፋክስ ላይ ባለቤት አያጣም። ስለዚህ ሟርቱ በራሴ ላይ ይሁን አለና፣ ኮፍያውን አድርጎ የተነሳውን ፎቶ ለጥፎ ከሥሩ «አቶ እንዳሻው በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የቀብሩ ቦታና ሰዓት ወደፊት ይገለጻል» ብሎ ጻፈ። ላከው። አድራሻውን ከፈተ። የአከራዩ ኩባንያ «በቅርቡ ይጠብቁን» የሚል ገጽ ብቻ መጣለት። ደግሞ ላከ። አሁንም ያው። ለካስ ኮምፒውተሩ ጠዋት ያየውን ገጽ ይዞ አስቀምጦ ያንኑ እየደጋገመ ያሳየዋል እንጂ፣ ሥራው ከወጣ ቆይቷል። እሱ ምን ያውቃል? ከሰዓቱን ሙሉ ሲልክና ሲከፍት ዋለና ላፕቶፑን ዘጋው። «አልሆነልኝም። እድሩ መዘጋቱ ነው» አላት አሰገደችን፣ ራቱንም በቅጡ ሳይበላ ተኛ።

ኪሩ የሚባል ወጣት አባል አለን፤ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው። ያን ከሰዓት ኮሪያታውን አውቶቡስ ሲጠብቅ አድራሻውን ከፈተ። ሁሉም ነገር ይሠራል። የሐዘን ገጹን ሲነካ እንዳሻው ኮፍያውን አድርጎ ብቅ አለ። ልጁ ደነገጠ። እንዳሻው ስልክ ላይ ደወለ፤ አይነሳም። ከዚያ ወደ ጋሼ ኅሩይ፣ ጋሼ ኅሩይ ደግሞ ወደ እኔ።

«ፀሐይወርቅ፣ ዛሬ እንዳሻው መንገድ ላይ ነው አይደል?»

«አዎ፣ አርብ አይደል። ፊኒክስ ነው።»

«አሰገደች ሰምታ ይሆን?»

«ከየት ትሰማለች!»

ሁለታችንም ስልኩን እንደያዝን አለቀስን። መቼም ጋሼ ኅሩይ ሲያለቅሱ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «በስልክ እንዳትሰማ። ማንም ሰው ወደዚያ ቤት እንዳይደውል። ነገ በማለዳ ተሰብስበን በወጉ እናረዳታለን» አሉ።

አንድ ሰው፣ አንድ ባለጌ እንኳ ተገኝቶ ደውሎ ቢሆን ኖሮ አሰገደች «እዚሁ ተኝቷል» ትለው ነበር። አልተገኘም። መርዶ በስልክ የሚያረዳ ባለጌ እድራችን ውስጥ የለም። ማስታወቂያውን ማን ለጠፈው ብሎ የጠየቀም የለም። ጋሼ ኅሩይ እኔ የለጠፍኩ መሰላቸው፤ እኔ፣ ኢሜይሌን መክፈት የማልችለው! እኔም እሳቸው ናቸው አልኩ። ለአባላቱ ልንገር ብዬ ስደውል ደግሞ ሁሉም በለቅሶ ድምፅ «አይቼዋለሁ እትዬ» ይሉኛል።

ቅዳሜ ማለዳ የሰኔው ጭጋግ መንገዱን እንደሸፈነ ደረስን። እንዳሻው የሚኖረው ከፌርፋክስ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ደረጃው በውጭ በኩል የሆነ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጥቁር የለበሰ ሰው ከየአቅጣጫው ድምፁን አጥፍቶ ይመጣል። ከኢንግልዉድ፣ ከቫሊ፣ ከሳንዲያጎ ሳይቀር። ዲቦራ የምትባል አባላችን ዌስትውድ ካለው ሆስፒታል አዳር ሥራዋን ጨርሳ በነርስ ልብሷ ላይ ጥቁር ነጠላ ጣል አድርጋ መጣች። የቤተ ክርስቲያናችን ቄስም መጡ። እኔ ውሃ በካርቶን ገዝቼ መኪናዬ ውስጥ አድርጌያለሁ፤ እሱ ከሌለ ማን ያድላል ብዬ። እየነዳሁ የማስበው ያንኑ ነበር። ከእንግዲህ መኪና ማቆም የማይችል ሰው ከየት አገኛለሁ እያልኩ፣ በየመብራቱ እንባዬን እጠርጋለሁ።

ጋሼ ኅሩይ በሩን በቀስታ አንኳኩ። እኔ አሰገደችን ልይዝ እጄን ዘርግቼ ከጎናቸው ቆምኩ። በሩ ተከፈተ። እንዳሻው ነው፤ በቢጃማ፣ የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደያዘ።

እሱ እኔን አየ፣ ጋሼ ኅሩይን አየ፣ ቄሱን አየ፣ ጥቁር ልብሳችንን አየ። ብሩሹ ከአፉ ወደቀ።

«እናቴ ናት?» አለ። «ጋሼ፣ ይንገሩኝ፣ እናቴ ናት?»

እናቱ ደብረ ብርሃን ያሉ አሮጊት ናቸው። መልስ ሳይጠብቅ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ከታች ደረጃው ላይ ያለው ሰው በሩን አያይም፤ ለቅሶ ሲሰማ አሰገደች ተረዳች ብሎ ዋይታውን ለቀቀው። አሰገደች ከመኝታ ቤት እየጮኸች ወጣች። ጎረቤቶቹ በየመስኮቱ ብቅ አሉ። ጋሼ ኅሩይ እጃቸውን እያወዛወዙ «ቆይ! ቆይ! እናትህ ደህና ናቸው! የሞትከው አንተ ነህ!» ብለው ጮኹ።

ኪሩ ስልኩን አወጣና እንዳሻው ዓይን ሥር አቀረበለት። እንዳሻው የራሱን ፎቶ ብዙ አየው።

«ወጥቷል እንዴ?» አለ።

«ምኑ?»

«ዌብሳይቱ! አንተ ስልክ ላይ ይታያል?»

«ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ነዋ!» አለ ኪሩ። «ሎስ አንጀለስ ያለ አበሻ በሙሉ አይቶታል፤ ያላየኸው አንተ ብቻ ነህ።»

አሰገደች ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ትከሻው ላይ አሳረፈችለት። ከታች ያሉትም ነገሩ ደርሷቸው ዋይታው ወደ ሳቅ፣ ሳቁም ወደ እልልታ ተቀየረ። እንዳሻው ተነስቶ የደረጃውን ብረት ይዞ ወደ ታች ተመለከተ። ደረጃው ሙሉ ነው፣ ግቢው ሙሉ ነው፣ ከግቢው ውጭ እግረኛ መንገዱ ላይ ሰው ቆሟል።

«ይሄ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ለአንተማ አይደለም፣ ለሬሳህ ነው» አልኩት። አንገቱን አቅፌው እያለቀስኩ ነው ይህን የምለው። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጋሼ ኅሩይ መሀረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ኦኬ። ሰው ይሰበስባል ወይ ነበር ጥያቄያችን። ተሰብስቧል። እድሩ አይዘጋም» አሉ።

አሰገደች «አሁኑኑ አውርደው!» ብላ ወደ ላፕቶፑ ገፋችው። አወረደው። ሲመለስ ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ ነው።

«ከመጣችሁ አይቀር፣ ቄሱም አሉ፣» አለ፣ «ይልቃል ጋ እንሂድ።»

ዲቦራ የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች፤ ሁሉም ተከተላት። መቃብሩ ኢንግልዉድ ነው። የመኪኖቹን ሰልፍ የትራፊክ መብራት እየቆራረጠው ሄድን። ቄሱ ጸሎተ ፍትሐት አደረሱ። የይልቃልን ስም ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲጠራው የሰማሁት ያኔ ነው።

ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ ወጣች። እንዳሻው መኪናዬን ከፍቶ ውሃውን አወረደ። ላግዝህ አላልኩትም። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ አደለ፤ ለኋለኞቹ ሲደርስ ካርቶኑ ውስጥ የቀረ አልነበረም።