የበሩ ሸንኮራ

በሥራዬ አንድ አመል አለኝ፤ በቀለም ላይ ቀለም አልቀባም። ናዝሬት ውስጥ አብዛኛው የመኪና ቀቢ ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ጫር ጫር ያደርግና ይረጫል። መኪናው ለአንድ ክረምት ሙሽራ መስሎ በዓመቱ እንደ ተቀቀለ ድንች ይላጣል። እኔ እስከ ላሜራው ሳላወርድ ቀለም አልበጠብጥም። በዚህ ኩራቴ ከስንቱ ደንበኛ ጋር ተጣልቻለሁ።

አመሉን ያወረሰኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ያደግነው ወንጂ ነው፤ አባታችን ሸንኮራ ቆራጭ ነበር። ወንድሜ መኪና ላይ ጽሑፍ ይጽፍ ነበር። ጽፎ ሲጨርስ ከሥሩ ጥፍር የምታህል ሸንኮራ ይስላል፤ ሦስት አንጓና አንድ የታጠፈ ቅጠል ያላት። ፊርማው እሷ ነበረች። በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት፤ መንዳት ስለሚችል ካሚዮን ሰጡት። ከሰሜን የደረሰን አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ለእማዬ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «የመኪናዬን ቁጥር ራሴ ጻፍኩባት። አብረን ነው የምንመለሰው፣ አታስቢ» ይላል።

ጦርነቱ አበቃ። የጎረቤት ልጆች አንድ ሁለት እያሉ ገቡ፤ መርዶ የሚመጣበትም ቤት መጣበት። እኛ ቤት ሁለቱም አልመጡም። እማዬ መርዶ ላልመጣለት ሰው አይለቀስም ብላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠበቀች። ናዝሬት እኔ ጋ ስትገባም የወንድሜን አልጋ ከወንጂ ይዛ መጣች። ሊያጽናናት ብሎ «ነፍስ ይማር» ያለ ሰው ሁለተኛ ደጃችንን አልረገጠም።

ባለፈው በጋ አንድ የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ አሮጌ የጦር ካሚዮን በጨረታ ገዝቶ ግቢዬ አስገባ። ከላይ ግራጫ ተቀብታለች።

«ጋሼ፣ ሰማያዊ ቀቡልኝ። ሐሙስ እጭንባታለሁ። ዳፋ፣ ፈጠን በሉ! ሽንኩርት አይጠብቅም» አለኝ ኦሮምኛ እየቀላቀለ።

«ሽንኩርትህ ከቸኮለ በአህያ ጫነው» አልኩት። ስቆ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት የሾፌሩን በር በውኃ እያራስኩ መፈቅፈቅ ጀመርኩ። ከግራጫው ሥር አፈር የመሰለ ቀለም ወጣ፤ በብሩሽ፣ በችኮላ የተለቀለቀ። ከእሱ ሥር ደግሞ የመጀመሪያው የጦር አረንጓዴ፣ ገና እንደ ጠነከረ። በአረንጓዴው ላይ ነጭ ቁጥር ነበር። ከቁጥሩ ሥር ሸንኮራዋን ሳያት እጄ ቆመ። ቅጠሏ እንደታጠፈ ነው። ከአንጓዎቿ አንዱን ሳላውቅ ግማሹን ፍቄዋለሁ።

ደስ አለኝ። ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህ ደስታዬ ነው። የወንድሜን እጅ አገኘሁ አልኩ እንጂ ከዚያ ያለፈ አላሰብኩም። እጄን እንኳ ሳልታጠብ በባጃጅ ሄጄ እማዬን አመጣኋት። «የእሱን ነገር ላሳይሽ» አልኳት።

መርዶ ወግ አለው። ጎህ ሳይቀድ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ የሚደግፉ ሴቶች አጠገቧ ሆነው ነው የሚነገረው። ልጅ እናቱን አያረዳም። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀለም በጨማለቀው ቱታ፣ ብቻዬን እጇን ይዤ በሩ ጋ አደረስኳት።

ተጠግታ አየች። በጣቷም ዳሰሰቻት።

«የእሱ ሸንኮራ ናት» አለች።

«አዎ እማዬ፣ የእጁ ሥራ ናት!»

«መኪናዬ ያላት ይቺ ናት?»

«እሷው ናት» አልኩ እየሳቅኩ።

ቀና ብላ ጋቢናውን አየች። የሾፌሩ ወንበር ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል።

«አብረን ነው የምንመለሰው ብሎ አልነበር?» አለችኝ።

ደብዳቤውን ያነበብኩላት እኔ ሆኜ የረሳሁትም እኔ ነበርኩ። እማዬ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ ዘቅዝቃ መልሳ ለበሰችው፣ በቀለም ጣሳዎቹ መካከል መሬት ላይ ተቀመጠች። እንደዚያ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም። የጎረቤት ጋራዥ ሠራተኞች ሥራቸውን ጥለው ሮጠው መጡ።

ደጃችን ላይ ድንኳን ተጣለ። ነጋዴው ሐሙስ ዕለት የመጣው ለመኪናው ሳይሆን ለለቅሶ ነው። በሩን ስጠኝና ሌላ ልግጠምልህ ብዬ ልለምነው አስቤ ነበር፤ እማዬ ከለከለችኝ።

«ሰው እንጀራ ሊበላባት የገዛትን አታፍርስበት። ቀባትና ትሂድ፤ እዚህ ቆማ አልያት» አለች። በሳምንቱ የወንድሜን አልጋ አስፈታችኝ።

ካሚዮኗን ቀባሁ። ሌላውን አካሏን እንደ አመሌ እስከ ላሜራው አወረድኩ። የሾፌሩን በር ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀለም ላይ ቀለም ቀባሁ። አረንጓዴውን ሳልነካ፣ ቁጥሩንም ሸንኮራዋንም ሳልፍቅ ሰማያዊውን ረጨሁበት። ለነጋዴው አልነገርኩትም። እንዲህ የተቀባ ቀለም ብዙ አይቆይም፤ ይላጣል። ያን ጊዜ መጥቶ እንደሚሰድበኝ አውቃለሁ።

መቂ በሄድኩ ቁጥር ሽንኩርት የሚጭኑ መኪኖችን በር በር አያለሁ። እማዬ መጠበቅ ትታለች። አሁን የምጠብቀው እኔ ነኝ።