ለየወርቅውሃ የተረፈላት ግስ

ወልደማርያምና ባለቤቱ የወርቅውሃ ድሬዳዋ ሳሉ ሁለቱም የፈረንሳይኛ መምህራን ነበሩ። ተሰደው ፍራንክፈርት ሲገቡ ግን ፈረንሳይኛቸውን የፈለገ አልተገኘም። እሱ በዚንድሊንገን ኬሚካል ፋብሪካ፣ እሷ ቢሮ በማጽዳት ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ።

በየካቲት የወርቅውሃ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ቀኝ ጎኗ ሰለለ፣ አንደበቷም ተዘጋ። የንግግር ሐኪሟ፣ «በቃል የተሸመደደ ነገር አንዳንዴ ይተርፋል፤ ይሞክሩ» አለችው። ቁጥር ሞከረ፤ ዝም። አቡነ ዘበሰማያት ጀመረላት፤ ዝም። ቢጨንቀው፣ ድሮ ተማሪዎችን ያስደግሙት የነበረውን «መዳን» የሚለውን የፈረንሳይኛ ግስ አነሳ።

«ዥ ጌሪ» አለ፣ ከ«እኔ» ጀምሮ።

«ቱ ጌሪ» አለች የወርቅውሃ፤ «ኢል ጌሪ»። «አንተ»ንና «እሱ»ን ብላ እዚያ ላይ ቆመች።

ወልደማርያም በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ።

ከሆስፒታል ስትወጣ ጻይልስሃይም ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤታቸው ወሰዳት። ሐኪሞቹ መጦሪያ ቤት ትግባ ቢሉትም እንቢ አለ። ጠዋት ጠዋት ልታጥባት የምትመጣው አስመራ ያደገችው ትምኒት፣ «ምን እያለች ነው፣ አባባ?» ብላ ጠየቀችው።

«‹መዳን›ም ሊሆን ይችላል፣ ‹ማዳን›ም። ፈረንሳይኛው አይለይም» አላት። «ቃሉ ከዚሁ አገር የሄደ ነው። ይቺ ከተማ በስማቸው የተጠራችው ፍራንኮች የሚባሉት የጥንት ነገዶች ‹ዋርያን› ይሉት ነበር፤ መከላከል ማለት ነው። ጀርመኖቹ ዛሬም ‹ቬረን› ይሉታል። ፈረንሳዮች ‹ው›ን ‹ግ› አደረጓትና ከጠላት መከላከሉ ቀስ በቀስ ከበሽታ መዳን ሆነ።»

«ለምን እዚያ ላይ ትቆማለች ታዲያ?»

«በነጠላ ሦስቱም ‹ጌሪ› ነው። ‹እኛ› ሲባል ‹ስ› ይገባበታል፤ ‹ኑ ጌሪሶን›። እሱን ካለች ሌላው ንግግሯም ይመጣል።»

ሐኪም አላለውም፤ ራሱ ያመነው ነው። ሁለት ወር ሙሉ «ኑ»፣ «እኛ» የሚለውን እየጀመረላት ጠበቃት። ለውሃም ለሕመምም የምትለው «ጌሪ» ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት ከአልጋ ሊያነሳት ሲል ወገቡ ከዳውና አብረው ወደቁ። ትምኒት ስትደርስ ወለሉ ላይ ተቃቅፈው አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ይቺን ነገር ብቻዎን አይችሏትም» አለችው ቀስ ብላ።

በማግስቱ የመጦሪያ ቤቱን ወረቀት ፈረመ። 

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በአውቶቡስ እየሄደ ያስደግማት ነበር። በመስከረም መጨረሻ አንድ ከሰዓት «ዥ ጌሪ» ብሎ ጠበቀ። የወርቅውሃ ትክ ብላ አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ «ቱ» እንኳ ግን አልወጣም። እንደገና «ዥ...» ሲል በደህናው እጇ አፉን ከደነችው።

ግሱን ትቶ፣ እጇን ከአፉ ላይ ሳያነሳ ተቀመጠ። እራት የምታድለው ሠራተኛ ገብታ ሳህኑን አስቀምጣ እስክትወጣ ድረስ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።