ክር በጣሹ ጥርስ

የሰፈሩ ሰው ልብስ ሰፊውን «መቀስ» ነው የሚለው። አርባ ዓመት ሙሉ ክር የበጠሰው በጥርሱ ነው፤ የብረቱ መቀስማ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ያየዋል። አጠገቡ የምትሰፋው ትልቋ ልጁም ሙያውን ከነአመሉ ወርሳለች።

ዓምና የሙሽራ ቀሚስ ሲዘመዝም ክሩን ነክሶ ቀና ቢል፣ ነጩ ጨርቅ ላይ ደም ጠብ ብሏል። ድዱ ነበር። ጠዋት ጥርሱን ሲቦርሽ ይደማ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ በብሩሹ አላከከና ወርውሮ ጣለው። ሚስቱ «ኧረ አፍህ ሸተተ!» ብትለው፣ «ይሽተት! ብቻ ጨርቁ ይጽዳ!» ብሎ አምባረቀባት።

ዛሬ የፊት ጥርሱ ሲነቃነቅበት ጊዜ እያጉረመረመ ሐኪም ቤት ሄደ። የጥርስ ሐኪሟ ድዱን መርምራ፣ ብሩሹን ለምን እንደጣለው ሰምታ ስታበቃ፣ «አባባ፣ ጥርስን ከአጥንት ጋር አስሮ የሚይዝ ኮላጅን የሚባል ክር አለ። ጥርስዎ ሥር ጀርም ሲከማች ሰውነትዎ ሊዋጋው ኢንዛይም ይረጫል፤ ኢንዛይሙ ሲበዛ ግን ያንኑ ክር ይበጣጥሰዋል። ድድዎን ያደማው በጀርሙ ምክንያት መቆጣቱ ነው፤ ብሩሹማ ጀርሙን በጠረገልዎ ነበር» አለችው።

«ታዲያ መልሰሽ ስፊያት!»

«አጥንቱም አብሮ አልቋል፤ ይህችን ጥርስ አናተርፋትም።»

የተነቀለችውን ጥርስ በወረቀት ጠቅልሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ልጁ ነጭ ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ ክር በጥርሷ በጠሰች።

«አንቺ፣ ጥርስሽን ትቦርሻለሽ?» አላት።

«ምን በወጣኝ! አንተ የተውክ ቀን ነው የተውኩት» ብላ ሳቀች።

ስትስቅ ድዷን አየው፤ አብጦ ደም መስሏል።