ጥሬው ቋሊማ

ግሌኒስ ቲፔት ከሬዲዮ ጋር ትጣላለች። በግ እየሸለተችም ሆነ መኪና እየነዳች፣ አቅራቢው «የአየር ንብረት ለውጥ የከተሜ ወሬ ነው» ባለ ቁጥር «ዝም በል አንተ ቀጣፊ!» ትለዋለች። ደውላም ታውቃለች፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጉት።

በምርጫ ቀን ግን ሥራዋ ሌላ ነው። ድምፅ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ግቢ፣ በማገዶ ምድጃ ላይ ቋሊማ ጠብሳ በዳቦ እየጠቀለለች ለመራጩ ትሸጣለች። ቋሊማ የሌለበት ምርጫ በእሷ አገር ምርጫ አይመስልም።

ዘንድሮ በጋው ገና ሳይገባ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ሆነ። በምርጫው ዕለት ደግሞ ነፋስ ስለተነሣ፣ ሰደድ እሳት እንዳይቀሰቀስ በወረዳው ሁሉ እሳት መለኮስ ተከለከለ። የመንደሩ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች አለቃ ራሷ ግሌኒስ ናትና ምድጃውን አልነካችውም።

ረፋዱ ላይ ከምርጫው እጩዎች አንዱ ካሜራ አስከትሎ መጣ። ሰሞኑን በዚያው ሬዲዮ «ሙቀቱ የተለመደ ነው፤ አያቶቻችንም ያውቁታል» ሲል የሰነበተ ሰው ነው።

«እትዬ ግሌኒስ፣ ቋሊማ ይዤ ፎቶ ልነሣ እንጂ! ምድጃውን ለኩሺው!»

«ክልክል ነው።»

«ለአንድ አፍታ! ማን ያያል?»

«ነፋሱ።»

ተሰልፎ የቆመው ሰው ሳቀ። ግሌኒስ ከበረዶ ሣጥኑ ጥሬ ቋሊማ አወጣች፤ በዳቦ ጠቀለለችው፤ ሽንኩርትም አልነፈገችው። ከዚያ ካሜራው ፊት እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«እንካ ብላ፣ ወንድሜ» አለችው። «ሙቀቱ የተለመደ ከሆነ ቋሊማውም በስሏል።»