ሰላምታ የማያሳጥሩት የባቡር ጠባቂ

ጋሼ ሙሐመድዘይን ሰላምታ ከጀመሩ አያልቅላቸውም። ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ የጎረቤቱን ጉንፋን ሳይቀር ይጠይቃሉ። እኔ የመርሳ ልጅ ነኝ፤ ባጃጅ የምነዳው ግን ሐራ ነው፤ በሳቸው ሰላምታ ስንት ተሳፋሪ እንዳመለጠኝ አላህ ያውቃል። ሐዲዱ ማሳቸውን ለሁለት ሲከፍለው እዚያው የማቋረጫ ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ። የሥራ ባቡሩ ድንጋይ ጭኖ ሲመጣ ገመድ ይዘረጋሉ፣ ሲያልፍ ያወርዳሉ።

ጎጇቸው ውስጥ በእጅ የሚዘወር አሮጌ ስልክ አለ። የሞባይል ኔትወርክ በየጊዜው ስለሚጠፋ ከጣቢያው በሽቦ ተስቦ የመጣ ነው። ወዲያኛው ጫፍ ላይ የሚቀመጡት ጋሼ አስፋው ናቸው፤ የድሮው የድሬዳዋ መስመር ላይ ያረጁ፣ ቁጡ ሰው። መጀመሪያ የመስመሩ ወሬ፣ ከዚያ ሰላምታ ብለው ደንብ አውጥተው ነበር። ጋሼ ሙሐመድዘይን ደግሞ የሰው ድምፅ ሰምተው ሰላም ሳይሉ ሥራ መጀመር ነውር ነው አሉና አሻፈረኝ አሉ። በሁለተኛው ወር የተሸነፉት ጋሼ አስፋው ናቸው። የጋሼ አስፋው ሚስት እትዬ አበበች ከታመሙ ወዲህማ ሰላምታው ጭራሽ ረዘመ።

ባለፈው የገበያ ቀን፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ቲማቲም ጭኜ ማቋረጫው ጋ ስደርስ ስልኩ ጮኸ። ጋሼ ሙሐመድዘይን አነሡት።

«ጋሼ አስፋው፣ እንዴት አደሩ? እትዬ አበበችስ እንዴት አደሩ?»

ከዚያ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አዳመጡ። ሁለት ጊዜ ተጣሩ። ዘወሩት፤ የሚያነሣ የለም። ኔትወርክም ያን ቀን አልነበረም። ባቡር እየመጣ ይሁን አይሁን የሚያውቅ ሰው እኛ ጋ የለም፤ ሐዲዱ ደግሞ ከጉብታው ጀርባ ስለሚታጠፍ ባቡሩ የሚታየው አጠገብ ከደረሰ በኋላ ነው።

ገመዱን ዘረጉት። ገበያተኛው ከነፍየሉ፣ ከነግመሉ ተከማቸ። ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት። ሰው ይጮህባቸዋል፣ አንዳንዱ በገመዱ ሥር ሊሾልክ ይሞክራል፣ እሳቸው እየሮጡ ይመልሳሉ። ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ባቡር የሚመጣ ይመስለኛል። ፈሪ ሰው ሲፈራ ይሳደባል፤ እኔም አፌን ከፈትኩ።

«በእርስዎ ሰላምታ ነው! መልእክቱን ሳይናገሩ መስመሩ የተቋረጠው በእርስዎ ሰላምታ ነው።»

ገመዱን እንደያዙ፣ «አዎ፣ በእኔ ነው» አሉ። ከዚያ ጣቢያው ድረስ ሄጄ እንድጠይቅላቸው ለመኑኝ። ጣቢያው ከሐዲዱ በእኛው ወገን ስለሆነ ቲማቲሙን አራግፌ በረርኩ። እስክመለስ ባቡሩ ከደረሰ፣ አንድ ሽማግሌ ያን ሁሉ ሰው እንዴት ይገታል እያልኩ።

የጋሼ አስፋው ወንበር ባዶ ነበር። ጥበቃዋ ፅዮን ነገረችኝ። ጠዋት መልእክተኛ መጥቶ እትዬ አበበች አርፈዋል አላቸው። ባቡሩን እዚያው አስቆሙት። ማቋረጫው ክፍት ነው ሊሉ፣ ወደ ቤትም መሄዳቸውን ሊናገሩ ደወሉ። ግን ከወዲያ ሰላምታውን ሲሰሙ አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ ስልኩን አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን ሳይይዙ ወጡ አለችኝ።

ተመልሼ ባቡር የለም አልኳቸው። ገመዱን ለቀቁት፤ ሰዉ እያጉረመረመ፣ እየተገፋፋ አለፈ። እፎይ ብለው ፊታቸውን በፎጣቸው ጠረጉ።

«ታዲያ ለምን ደወሉ?» አሉኝ።

መርዶ እንዲህ መንገድ ላይ አይነገርም። ወደ ቲማቲሜ ዞሬ መጫን ጀመርኩ፤ እሳቸው ግን ከፊቴ አልሄድ አሉ። ነገርኳቸው። ያንን ስድቤን መልሼ ብውጠው በወደድኩ።

ሐዲዱ ላይ ተቀመጡ። ፎጣቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ።

«ናስር» አሉኝ በመጨረሻ፣ «እትዬ አበበችስ እንዴት አደሩ ብዬ እኮ ጠየቅኋቸው።»