የበሰበሰው የድንበር ድንጋይ

ከዋጫ ከተማ በሞተር ሳይክል አንድ ሰዓት ገደማ በሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ድንጋይ ምክንያት ሊተላለቁ ደርሰው ነበር። እኔ በወቅቱ የአፈር ባለሙያ ሆኜ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ትውልዴ ቦንጋ ነው፤ አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። የካፋን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ስለለመድኩት፣ መናገሩ ቢያሳፍረኝም የሚባለው አያመልጠኝም።

የወንድማማቾቹ አባት መሬቱን ለሁለት ሲያካፍል፣ ማሳው መሃል የቆመውን ጥቁር ድንጋይ ድንበር አድርጎት ነበር። የሰው ወገብ ይደርስ ነበር ይላሉ። አባት ሞተ። ታላቅየው ድርሻውን ለሚስቱ ትቶ ራቅ ባለ ወረዳ የቡና እርሻ ጥበቃ ተቀጠረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲመለስ ድንጋዩ የለም፤ በቦታው በቆሎ በቅሏል።

«ራሱ ፈረሰ» አለው ታናሹ።

«ድንጋይ ራሱ ይፈርሳል? ሰብረህ ጣልከው እንጂ!»

የታላቅየው ሚስት «እውነቱን ነው፤ በየክረምቱ ሲላጥ በዓይኔ አይቻለሁ» ብትለው አፏን በቡጢ መታት። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ረገፉ። በሳምንቱ የታናሹ የቡና ዛፎች ከወገባቸው ተቆርጠው ተገኙ። ቀጥሎ የታላቅየው ቀፎዎች ከነንቡ ተቃጠሉ። ከዚያ የታናሹ የምትታለብ ላም ቋንጃዋ ተቆርጦ ማሳው ውስጥ ስታቃስት ተገኘች፤ እዚያው አረዷት። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተቀምጠው አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰና «ድንጋዩ ተነስቷል ወይስ ፈርሷል? ባለሙያ አይቶ ያስረዳ» ተባለ። እኔ ተላክሁ።

ጠዋት ስደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ጠመንጃ ያነገተ ሚሊሻ እየጠበቁኝ ነበር። ወንድማማቾቹ ማሳው ግራና ቀኝ ቆመዋል። ታላቅየው ረጅም ነው፤ የጥበቃ ካፖርቱን አሁንም አላወለቀም። ታናሹ አጠር ብሎ ደረተ ሰፊ ነው፤ ከወንድሙ ላይ ዓይኑን አይነቅልም።

የድንጋዩ ሥር ቀርቶ እንደሆነ ለማየት፣ ቆሞበት ነበር የተባለውን ቦታ መቆፈር ነበረብን። በኋላ አንዳቸው ተበደልኩ እንዳይሉ ብዬ «ሁለታችሁም ቆፍሩ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እነዚህን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ጥሩ ነው?» አሉኝ። «እማኝ እንዲሆኑ ነው፣ አባባ» አልኳቸው። ዶማውን ከእጄ ተቀብለው ለታላቅየው ሰጡት፤ አካፋውን ለታናሹ።

እንደዚያ ያለ ቁፋሮ አይቼ አላውቅም። ታላቅየው ዶማውን ሲያሳርፍ መሬት የሚቆፍር ሳይሆን ሰው የሚፈነክት ይመስል ነበር። ሁለት ጊዜ ከታናሹ እግር ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ተሰነቀረ። ታናሹ እግሩን አላነሳም። አካፋ ሙሉ አፈር ሲወረውር ግን ወደ ወንድሙ ካፖርት ነበር የሚወረውረው። 

ጉድጓዱ ጉልበት ሲያልፍ ዶማው አንድ ነገር መትቶ ነጠረ። «አቁሙ!» አልኩና ገባሁ። በመዶሻዬ ጫፍ ዙሪያውን ጠረግኩት። ጭንቅላት የሚያህል፣ ክብ፣ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ብቅ አለ። በዙሪያው ቡናማና ቢጫ ቅርፊት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርቧል። ከቅርፊቱ ፈልቅቄ በጣቶቼ ስጨምቀው ዱቄት ሆነ።

«ይኸው ድንጋያችሁ። የትም አልሄደም» አልኳቸው። ሊቀመንበሩ በካፊኖኖ ተረጎመላቸው። ድንጋዩ ውስጥ ብረት እንዳለ፣ ዝናቡ በስንጥቅ ሲገባ ብረቱ እንደ አሮጌ ሚስማር እንደሚዝግ፣ ያ ዝገት ድንጋዩን እየነፋ በየጊዜው እንደሚልጠው፣ ሥር ደግሞ በስንጥቁ ገብቶ እንደ ሽብልቅ እንደሚፈለቅቀው ነገርኳቸው። «ይህ የቆምንበት ቀይ አፈር በሙሉ ድሮ እንዲህ ያለ ድንጋይ ነበር። የናንተም ከአያቶቻችሁ በፊት ጀምሮ ሲበሰብስ የኖረ ነው፤ በእናንተ ዘመን አለቀለት።»

ታላቅየው ጎንበስ ብሎ አንድ ቅርፊት አነሳ። በአውራ ጣቱ ፈጨው፤ አሸተተው። ፊቱ ሲላላ አየሁ። ሽማግሌው «ተመስገን» ሲሉ ሰማሁ።

እዚያ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ከሰልና አመድ አየሁ፤ በላይ በኩል ያሉት ቅርፊቶችም ጠቁረው ተሰነጣጥቀዋል። ታናሹ በየዓመቱ የበቆሎ አገዳውን ድንጋዩ ሥር ከምሮ ያቃጥል እንደነበር ገባኝ። የጋለ ድንጋይ ዝናብ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። የማውቀውን ሁሉ መናገር ሥራዬ መሰለኝ።

«እሳትም ረድቶታል» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ተረጎመ። «በእሳት ሰብሮታል» ብሎ ነው የተረጎመው። ልዩነቱን ሰምቻለሁ። ላርም አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ በካፊኖኖ ቶሎ አልመጣልኝም።

ዶማው የታናሹ ትከሻና አንገት መገናኛ ላይ አረፈ። እርጥብ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ታናሹ በጉልበቱ ወደቀና ድንጋዩ ላይ ተደፋ። ታላቅየው ዶማውን ነቅሎ እንደገና አነሳ። ካፖርቱን ከኋላ ይዤ ጎተትኩ፤ የዶማው እጀታ ዞሮ ጉንጬን መታኝ። አፌ በደም ሞላ። ዓይኔን ስገልጥ ታናሹ ግራ እጁን ፊቱ ላይ ጋርዶ ነበር። ሁለተኛው ምት እጁን ከክርኑ ዝቅ ብሎ አገኘው። ክንዱ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ። ደሙ ካፖርቱ ላይ፣ ደብተሬ ላይ፣ ጸጉሬ ላይ ተረጨ።

ሚሊሻው ወደ ሰማይ ተኮሰ። ታላቅየው የሰማ አልመሰለም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሳ ሚሊሻው በሰደፍ ጆሮ ግንዱን መታውና ጣለው። ተኩሱን ሰምቶ የመጣው ጎረቤት በዱላ ወረደበት። «ግደሉት!» የሚል ድምፅ ነበር። ሊገድሉት ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ ሚስቱ ሰዉን ጥሳ ገብታ ላዩ ላይ ባትተኛበት ኖሮ። ዱላው ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ። ያችው ጥርሷን ያረገፋት ሚስቱ ናት።

የታናሹን ክንድ በሻርፔ አጥብቄ አሰርኩት። በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ተሸከሙት፤ ከዚያ አንድ የጭነት መኪና ለመንን። ቦንጋ ሆስፒታል እስክንደርስ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። መንገድ ላይ ዓይኑን ገልጦ በአማርኛ «ድንጋዩ እዚያው ነው፣ አይደል?» አለኝ። «እዚያው ነው» አልኩት።

ነፍሱ ተረፈች። ክንዱን ቆረጡት፤ እኔም ጉንጬን ሰፉኝ። ፍርድ ቤት ስመሰክር ታላቅየው ከተከሳሽ ሳጥን ወደ እኔ እየጠቆመ «በእሳት ሰበረው ያለችው እሷ ናት!» ብሎ ጮኸ። ያልኩትንና የተተረጎመውን ለይቼ ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ «በትክክል ነው የተረጎምኩት» ብሎ ማለ። ታላቅየው የረጅም ዓመት እስራት ተፈረደበት። የመሬቱም ጉዳይ ታየ። የድንጋዩ ሥር የተገኘበት ቦታ ተለካ፤ ታናሹ ሲያርስ የኖረው በትክክል እስከዚያው ድረስ ነበር። አንድ ስንዝር አልገፋም።

በዓመቱ ለሌላ ሥራ ወደዚያ ቀበሌ ተላክሁ። የታላቅየውን ሚስት ማሳዋ ላይ ስትኮተኩት አገኘኋት። ልትሰድበኝ ትችላለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልሰደበችኝም። ኩትኮታዋን አቁማ ጠባሳዬን ትክ ብላ አየችው።

«ያን የእሳቱን ነገር ለምን አመጣሽው?» አለችኝ።

«እውነት ስለነበረ ነው።»

«እውነቱንማ መጀመሪያ ተናግረሽው ነበር። ሰምቶሽም ነበር እኮ» አለች።

 ስለ ባሏ ጠየቅኋት። በየወሩ ስንቅ እንደምትወስድለት፣ የሚያወራት ግን ስለ ድንጋዩ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። «ሲፈታ አንዳቸው ይሞታሉ» አለች። እንባ አልነበራትም። ወደ ኩትኮታዋ ተመለሰች፤ እኔም ሞተሬን አስነስቼ ወጣሁ።

ታናሹ ያን ቀን አልጠበቀም። በቀጣዩ በጋ አንድ እጁን ይዞ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ወደ ሚስቱ አገር ሄደ። ከመሄዱ በፊት ድርሻውን ለማንም አልሸጠም፤ ለወንድሙ ሚስት ተወላት። አሁን ከዳር እስከ ዳር በቆሎ የምትዘራው እሷ ናት፤ ባሏ ገና አልተፈታም።